ነጭ ቦሎቄ ለውጭ ገበያ፤ ያለው ዕድልና የሚገጥመው ዕንቅፋት

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ነዳጅ የሚሸጡ አገሮች የወጪ ንግዳቸውን «ነዳጅ» እና «ከነዳጅ ውጭ» ብለው ለሁለት ከፍለው ይቈጥራሉ። እኛም ነዳጅ ባንሸጥ የምንቈጥረው እንደዚያው ነው፤ በእኛ ዘንድ የነዳጁን ቦታ የያዘው ቡና ነው። በ2017 የበጀት ዓመት አገራችን ከቡና ብቻ ከ2.6 ቢሊዮን የአሜሪካን ዶላር በላይ አግኝታለች። ይህ የሚያስደስት ቢሆንም፣ የቡናን ዋጋ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የእኛ ማሳ ሳይሆን በአብዛኛው የብራዚልና የቬትናም ዝናብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ አሠራር ሲፈርስ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ በግማሽ ያህል ወድቆ ነበር።

ከቡና ውጭ ያለውን የወጪ ንግድ ስለ ማስፋፋት ሲነገር ሰሊጡ፣ ኑጉ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ አበባው ሁሉ ይነሣል። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ሁሉ አንድ ሰብል ብቻ፣ ይኸውም በስምጥ ሸለቆ የሚመረተውን ነጭ ቦሎቄ ይመለከታል። ነጭ ቦሎቄ ከጅምሩ ለውጭ ገበያ ታስቦ የሚዘራና በአብዛኛው በትናንሽ ገበሬዎች እጅ ያለ ሰብል ስለሆነ፣ ሌሎቹን ሰብሎች የሚያጋጥማቸው ዕድልም ዕንቅፋትም በእርሱ ላይ ጐልቶ ይታያል።

ማስፋፋት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የማሳ ስፋት ነው። የልማት ሠራተኛው የሚሞላው ቅጽም ስንት ሄክታር እንደ ተዘራና ስንት ኩንታል እንደ ተገኘ ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ኩንታል ገዢው ሳይመልሰው እንደ ተከፈለበት ግን አይጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የነጭ ቦሎቄ ዋና ዕንቅፋት የማሳ ማነስ አይደለም። ዕንቅፋቱ ያለው ከአጨዳ እስከ ጆንያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ይህ ጊዜ ደግሞ ከሞላ ጐደል በእናንተና በማኅበራቱ እጅ ያለ ነው።

ዕድሉ

ቦሎቄ በ3 ወር ገደማ የሚደርስ ሰብል ስለሆነ ዝናብ ዘግይቶ በሚገባበትና ቶሎ በሚያቋርጥበት በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ይስማማል። በአዳማ፣ በቦሰት፣ በሉሜ፣ በዱግዳ፣ በአዳሚ ቱሉና እስከ ሻሸመኔ ባሉት አካባቢዎች ገበሬው ለረጅም ዘመን ሲያመርተው ቆይቷል። በሥሩ ላይ ባሉት እንቡጦች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ስለሚወስድ ጤፍ ወይም በቆሎ ለሚዘራበት ማሳ ጥሩ ተፈራራቂ ነው። አካባቢው ከአዳማ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የመኪና መንገድና የባቡር መስመር አጠገብ መሆኑም ቀላል ጥቅም አይደለም።

ዝርያ አልጠፋም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሜክሲካን 142 የተባለው ዝርያ በሰፊው ሲመረት ኖሯል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዋሽ-1፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አዋሽ መልካ ተለቀዋል። ሁሉም ትንንሽ ፍሬ ያላቸው ነጭ ቦሎቄዎች ናቸው።

ገዢውም አለ። ነገር ግን ገዢው እኛን ብቻ የሚጠብቅ አይደለም። በአሜሪካ የሚቺጋን፣ በካናዳ የኦንታሪዮ ገበሬዎች ይህንኑ ዓይነት ቦሎቄ በመኪና አጭደው፣ በኤሌክትሮኒክ ዐይን አስለቅመው፣ አንድ ዓይነት መልክ ያለው አድርገው ያቀርባሉ። አዝመራቸው ከእኛ ጋር በተቀራራቢ ሰሞን ስለሚሰበሰብ ቀድሞ ገበያ በመድረስ የሚገኝ ጥቅም የለንም። እኛ ያለን የሰው እጅ ነው፤ በጥንቃቄ ከሠራንበት የሰው እጅ ከመኪና ያላነሰ ይለቅማል።

ገዢው የሚፈልገው ምንድን ነው?

ለደረቅ ጥራጥሬነት የሚገዙ የእስያና የመካከለኛው ምሥራቅ ነጋዴዎች ቢኖሩም፣ ለነጭ ቦሎቄ የተሻለ ዋጋ የሚከፍለው የአውሮፓ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ፍሬውን ይዘፈዝፋል፣ በሙቅ ውኃ ያሳልፋል፣ ከቲማቲም ስጐ ጋር በቆርቆሮ ካሸገ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ያበስለዋል። እንግሊዞች ለቁርስ በተጠበሰ ዳቦ ላይ አድርገው የሚበሉት ይህንን ነው። የልማት ሠራተኛው ይህን አሠራር ማወቁ የሚጠቅመው፣ ምርት ሲመለስ ገበሬው «ነጋዴው ሊያታልለኝ ነው» ከማለቱ በፊት ምክንያቱን ለማስረዳት ነው።

ፍሬው ሁሉ ውኃ የሚጠጣው እኩል መሆን አለበት። ትንሹና ትልቁ፣ የዘንድሮውና የአምናው ከተደባለቀ አንዱ ሲበስል ሌላው ጥሬ ይሆናል፤ ጥሬው እስኪበስል ቢጠበቅ ደግሞ የበሰለው ይፈርሳል። የተሰነጠቀ ፍሬ ስጐውን ያወፍረዋል። በነጮቹ መካከል የገባ ቀይ ወይም ጥቁር ቦሎቄ ለበላተኛው ቆሻሻ ወይም ተባይ መስሎ ይታየዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ድንጋይ ነው፤ የአንድ ሰው ጥርስ ከሰበረ ፋብሪካውን ፍርድ ቤት ያደርሰዋል። እኛ በቤታችን ለንፍሮ ስንቀቅል ጠጠር ብናገኝ አውጥተን እንጥላለን፤ በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ግን አውጪ የለም።

አንድ ኮንቴይነር የስንት ገበሬ ምርት ነው?

ይህን ሒሳብ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በጥቁር ሰሌዳ ሠርቶ ማሳየት ብዙ ንግግር ያስቀራል። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 240 ኩንታል ገደማ ቦሎቄ ይይዛል። አንድ ገበሬ ግማሽ ሄክታር ዘርቶ በሄክታር 15 ኩንታል ቢያገኝ ምርቱ 7 ኩንታል ተኩል ነው። እንግዲህ አንዱን ኮንቴይነር ለመሙላት 32 ገበሬዎች ያስፈልጋሉ፤ ያውም አንዳቸውም ለዘርና ለቤታቸው ሳያስቀሩ። ስለዚህ ገዢው የሚያየው የአንድ ገበሬን ማሳ ሳይሆን የ32 ገበሬዎችን ልማድ በአንድ ሣጥን ውስጥ ነው። 31ዱ በሸራ ላይ ወቅተው አንዱ ብቻ በአፈር ላይ በበሬ ቢያበራይ፣ የእርሱ ጠጠር በሁሉም ምርት ላይ ይበተናል። አንዴ በመጋዘን ከተቀላቀለ በኋላ መለየት የሚቻለው በመልቀም ነው፤ የለቃሚውም ደመወዝ ዞሮ ዞሮ የሚቀነሰው ለገበሬው ከሚከፈለው ዋጋ ላይ ነው።

ከዚህ ሒሳብ የመጀመሪያው ሥራ ይወጣል። ይኸውም በአንድ መሠረታዊ ማኅበር ክልል አንድ የነጭ ቦሎቄ ዝርያ ብቻ እንዲዘራ ከአባሎች ጋር መስማማት ነው። የትኛው ይሁን የሚለው በአካባቢው ዝናብ፣ በዘር አቅርቦትና በገዢው ፍላጎት ይወሰናል፤ ሁለት ጥሩ ዝርያ ተደባልቆ ከሚቀርብ አንድ መካከለኛ ዝርያ ንጹሕ ሆኖ ቢቀርብ ይሻላል። ቦሎቄ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ስለሆነ፣ ማኅበሩ ከምርምር ማዕከል ወይም ከታወቀ ዘር አባዢ ያገኘውን ንጹሕ ዘር በጥቂት ጐበዝ አባሎች ማሳ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ማባዛት ይችላል። ለዘር የሚሆነው ማሳ ከሌላው ተለይቶ ይታይ፤ በባክቴሪያ ቃጠሎና በአንትራክኖዝ የተጠቃ ተክል ያለበት ማሳ ለዘር አይሆንም፤ ሁለቱም በሽታዎች በዘር ይተላለፋሉና። ቅጠሉ በዝናብ ወይም በጤዛ ርሶ ሳለ ለአረም ወደ ማሳ መግባትም በሽታውን በእጅና በልብስ ከተክል ወደ ተክል ማዛመት ነው።

የአዘራር ጊዜውም ጥራትን ይነካል። በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ እስከ ሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት የተዘራ ቦሎቄ የሚደርሰው ዝናቡ ሲቀንስ ነው። ቀድሞ የተዘራው በመስከረም ዝናብ ውስጥ ደርሶ በእንቡጡ ውስጥ ይበላሻል፣ ነጩ ቀለሙም ይጠቁራል፤ ዘግይቶ የተዘራውን ደግሞ ድርቅ ያገኘዋል።

ከአጨዳ እስከ ጆንያ

አብዛኛው ቅጠል ረግፎ እንቡጡ ቢጫ ሲሆን ይታጨዳል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከተጠበቀ እንቡጡ እየፈነዳ ፍሬው ይረግፋል። ነቅሎ መሰብሰብ የተለመደ ቢሆንም ሥሩ አፈርና ጠጠር ይዞ ስለሚመጣ፣ የሚቻል ከሆነ በማጭድ ማጨድ ይመረጣል። የተነቀለ ከሆነም ሥሩ ተራግፎ ወደ አንድ ወገን እንዲደረደር ማድረግ ያስፈልጋል። የታጨደው መሬት ላይ ተዘርግቶ ዝናብ ከሚመታው ከፍ ባለ እንጨት ላይ ቢከመርና ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ቢሸፈን ቀለሙን ይጠብቃል።

ውቂያው ላይ ብዙ ማለት ያስፈልጋል። በእበት የተለቀለቀ አውድማ ለጤፍና ለስንዴ አያቶቻችን ያስተማሩን ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለነጭ ቦሎቄ ግን አይሆንም። በሬው ሲረግጠው ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ሽንትና እበት ያቆሽሸዋል፣ አውድማው ሲላጥ ጓል ይገባበታል። የቦሎቄ ፍሬ መጠን ያለው ጓል ደግሞ በላይዳ ቢዘራም፣ በወንፊት ቢነፋም ከፍሬው ጋር ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ በሸራ ወይም በንጹሕ ምንጣፍ ላይ አድርጎ በዱላ በቀስታ መውቃት ነው። አንድ ሸራ መግዛት ለአንድ ገበሬ ሊከብደው ይችላል፤ ማኅበሩ ጥቂት ሸራዎች ገዝቶ በተራ ቢያከራይ ግን በመልቀሚያ ከሚያወጣው ገንዘብ ወጪውን ይመልሳል። በጣም የደረቀ ፍሬ በዱላ ሲመታ ስለሚሰነጠቅ ውቂያው ጠዋት ጤዛው እንደ ለቀቀ ቢጀመርና የቀትሩ ፀሐይ ሲበረታ ቢቆም ይመረጣል።

ከተወቃ በኋላ ፍሬው መድረቅ አለበት፤ ለመጋዘን የሚገባው እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ መልካም ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ማኅበር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የጨው ዘዴ ይረዳል። ንጹሕና ደረቅ የሆነ ግልጽ ጠርሙስ ይወሰድና ሲሶው በቦሎቄ ይሞላል። በፀሐይ ወይም በምጣድ በደንብ የደረቀ ደቃቅ ጨው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጨመርበታል። ከተከደነ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ተነቅንቆ 15 ደቂቃ ያህል እንዲያርፍ ይደረጋል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ቦሎቄው ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት ስላለው ተመልሶ መድረቅ አለበት። ጨው ካልተለጠፈ ወደ መጋዘን የመግባት ተስፋ አለው፤ ያም ሆኖ አንድ ቀን በፀሐይ ቢጨመርበት ጉዳት የለውም። ይህን ፈተና ማኅበሩ በር ላይ፣ ባለ ምርቱ እያየ ማድረግ ይገባል፤ በመዛኙ እጅና ዐይን ብቻ የሚሰጥ ፍርድ ጭቅጭቅ ያስከትላል።

ነቀዝ

የነቀዝ ጉዳት ተንኮሉ ሲረከቡት አለመታየቱ ነው። በሞቃታማው ስምጥ ሸለቆ ዋናው የቦሎቄ ነቀዝ እንቁላሉን በፍሬው ቆዳ ላይ ይለጥፋል። ነጭ እንቁላል በነጭ ቦሎቄ ላይ በዐይን አይለይም። ትሉ ተፈልፍሎ ወደ ውስጥ ይገባና ውስጡን እየበላ ያድጋል፤ በሞቃት መጋዘን በአንድ ወር ገደማ ክብ መስኮት ከፍቶ ይወጣል። እንግዲህ በኅዳር ንጹሕ መስሎ የተረከብነው ምርት በታኅሣሥ ወይም መርከብ ላይ ሳለ ይበሳል። በሌላ በኩል አንድ ዓይነት ነቀዝ ገና በማሳ ላይ እንቡጡ ሲደርቅ ስለሚጀምር፣ አጨዳውን ማዘግየት ከመርገፉ ሌላ ይህንንም ይጋብዛል።

መከላከያው ቀላል ነው። አዲሱ ምርት ከመግባቱ በፊት መጋዘኑ ተጠርጎ፣ የአምናው ቅሪት ከነአቧራው ወጥቶ ይቃጠል። ጆንያው ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ለዘርና ለጥቂት ወራት ማቆያ፣ ፒክስ በመባል የሚታወቀው አየር የማያስገባ ባለ 3 ድርብ ከረጢት ያለ መድኃኒት ነቀዙን በአየር ማጣት ይገድለዋል፤ አፉ በደንብ መታሰሩና እንዳይቀደድ መጠበቁ ብቻ ይበቃል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለውን እንክብል ግን በመኖሪያ ቤት ማንም እንዳይጠቀም አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ በመጋዘንም ቢሆን የሠለጠነ ሰው ብቻ ያጭሰው። ደግሞም ጢሱ ነቀዙን ይገድላል እንጂ የተበሳውን ፍሬ አይደፍነውም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጆንያ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በቡናችን ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋን ስታቋርጥ፣ ቡናው በጫካና በጓሮ ያለ መድኃኒት የሚመረት ስለሆነ ብዙዎች ተደንቀው ነበር። ጥርጣሬው በአብዛኛው ያረፈው በተያዘበት ጆንያ ላይ ነው። የእኛ ገበሬ የላስቲኩን ከረጢት «ማዳበሪያ» ብሎ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የያዘው ማዳበሪያ ነው። ቦሎቄው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በከረጢቱ ምክንያት አንድ መርከብ ጭነት ሊመለስ ስለሚችል፣ ማኅበሩ ለውጭ የሚላከውን ምርት ራሱ ባቀረበው አዲስ ጆንያ ብቻ ይረከብ።

ገንዘብና ውል

ጥራቱ ቢስተካከል እንኳ ምርቱ ወደ ማኅበሩ ካልመጣ ትርጉም የለውም። ገበሬው በጥቅምትና በኅዳር ዕዳ ይከፍላል፣ ልጅ ለትምህርት ቤት ያለብሳል። በዚያን ጊዜ ሰብሳቢው ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ደጁ ይመጣል፤ ማኅበሩ ግን የባንክ ብድር የሚለቀቅለት አንዳንዴ ገበያው ካለፈ በኋላ ነው። ይህ የገበሬው ታማኝነት ጉድለት ተደርጎ መታየት የለበትም። የብድር ጥያቄው ከአዝመራ በኋላ ሳይሆን ሰብሉ ገና በአበባ ላይ ሳለ በዩኒየኑ በኩል ቢቀርብ፣ ቢያንስ ምርቱ ሲረከቡ ከፊሉን ዋጋ በእጅ መስጠት ያስችላል።

ሌላው ዕንቅፋት ከማኅበራቱ አቅም በላይ የነበረ ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በቁጥጥር በተያዘበት ዘመን፣ ዕቃ አስመጪም የሆኑ አንዳንድ ላኪዎች ቦሎቄና ሰሊጥ ከዓለም ዋጋ በላይ በብር ይገዙ ነበር። በወጪ ንግዱ ከስረው፣ ባገኙት ዶላር ዕቃ አስመጥተው በመሸጥ ኪሳራውን ያካክሱታል። ዕቃ የማያስመጣ የገበሬ ዩኒየን በዚህ ጨዋታ መወዳደር አይችልም ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ ይህ ምክንያት ቀንሷል፤ ምርቱን ለሚልክ ዩኒየን ከቀድሞው የተሻለ ሜዳ ተከፍቷል ማለት ይቻላል።

በዘር ወቅት ከላኪ ጋር ውል የሚገቡ ማኅበራት አንድ ቁርጥ ዋጋ ብቻ ባይጽፉ ይመረጣል። ገበያው ከውሉ ዋጋ ከፍ ካለ ገበሬው ለሌላ ይሸጣል፤ ዝቅ ካለ ላኪው ጥራት ሰበብ አድርጎ ይሸሻል። ሁለቱም ደርሷል። ከዚህ ይልቅ ዝቅተኛ የመነሻ ዋጋ ተወስኖ፣ በርክክብ ቀን በአካባቢው ገበያ ዋጋ ላይ ለንጽሕና የሚታሰብ ጭማሪ የሚከፈልበት ውል ቢደረግ ለሁለቱም ወገን ይስማማል። የጥራቱ መለኪያም በውሉ ውስጥ በመቶኛ ይጻፍ፤ «ጥሩ ጥራት ያለው» የሚል ቃል ማንንም አያስርም።

ለክርክር መፍትሔ የሚሆን አነስተኛ ዘዴ አለ። ከእያንዳንዱ አባል ርክክብ 1 ኪሎ ናሙና ተወስዶ፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት፣ ገዢው ሒሳቡን እስኪዘጋ ድረስ በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጥ። ጭነት ቢመለስ ጠጠሩ ከየት እንደ መጣ ይታወቃል፤ በሸራ የወቃውም አባል በሌላው ጥፋት ዋጋ አይቀነስበትም።

ምን ያህል መሬት ለነጭ ቦሎቄ?

ነጭ ቦሎቄ በአገር ውስጥ ያለው ፈላጊ ጥቂት ነው። የውጭ ገዢ አንድ ዓመት ቢቀር ገበሬው ምርቱን ለንፍሮ ከማዋል ሌላ ብዙ ምርጫ አይኖረውም። ይዞ ለማቆየትም ገደብ አለው፤ በሙቅ መጋዘን ብዙ ወራት የቆየ ነጭ ቦሎቄ ወደ ቢጫነት ያዘነብላል፣ ሲቀቅሉትም አልበስል ይላል። ቀይ ቦሎቄ ግን በደቡብ አካባቢዎች በየቤቱ የሚበላ፣ በኬንያም ገበያ የሚፈለግ ስለሆነ ዋጋው ሲወድቅ መጠጊያ አለው። ስለዚህ ሰፊ ማሳ የሌለውን ገበሬ መሬቱን በሙሉ በነጭ ቦሎቄ እንዲሸፍን መምከር ተገቢ አይደለም። በቆሎውና ጤፉ ለቤቱ የሚበቃ መሆኑ ከታየ በኋላ በሚተርፈው ላይ ነጩ ይዘራ፤ ቀዩንም መዝራት የሚፈልግ ቢኖር በሌላ ማሳ፣ በሌላ ሸራና በሌላ ጆንያ ይያዝ።